ስለ ቤትና ስለ እንጀራ መራራቅ

ሰው በዚህ ዓለም ሲኖር የግድ የሚያስፈልጉት ነገሮች ሦስት ናቸው፤ እነርሱም ምግብ፥ ልብስና ቤት ናቸው። ምግብ በየቀኑ፥ ልብስ በየጊዜው ይገዛል፤ ቤት ግን ለብዙ ሰው በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ የሚገዛ ነገር ነው። በምግብ የተሳሳተ ሰው ስሕተቱን ነገ ያርመዋል፤ በቤት የተሳሳተ ግን የስሕተቱን ዕዳ ብዙ ዓመት ሲከፍል ይኖራል። ስለዚህ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ምን ምን ነገር ሊመዝን እንደሚገባው፥ ቤት የሚሠሩና የሚያድሉ ሹማምንትም ምን ሊያስቡ እንደሚገባቸው ዛሬ መመልከት የሚጠቅም መስሎ ታይቶናል።

ቤት የሚፈልግ ሰው በሁለት ሐሳብ ይጎተታል። አንደኛው፥ ዋጋው ከአቅሜ የማያልፍ፥ ሰፊና ንጹሕ የሆነ፥ ለልጆቼም የማወርሰው ቤት ባገኝ የሚል ነው። ሁለተኛው፥ እንጀራዬን ከማገኝበት ስፍራ ባልርቅ የሚል ነው። በአዲስ አበባ ከተማ ግን እነዚህ ሁለቱ በአንድ ስፍራ ተገናኝተው የሚታዩት በጥቂቱ ነው። እንጀራው ባለበት ቤቱ አይገኝም፤ ቤቱ በተገኘበት ደግሞ እንጀራው ርቆ ይቀራል።

ይህን ነገር አጥብቆ ሊረዳ የሚወድ ሰው በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ወደሚገኘው ወደ አማኑኤል ሰፈር ማለዳ ሄዶ ይመልከት። ሰፈሩ የሚጠራው በአማኑኤል ቤተ ክርስቲያን ስም ነው፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን ተቋቁሞ እስከ ዛሬ የአእምሮ ሕሙማን የሚታከሙበት ሆስፒታልም በዚሁ ስም የታወቀ ነው። ከዚያ ወደ መርካቶ የሚኬደው በእግር ነው። ገና ጎህ ሲቀድ ተሸካሚው ገመዱን በትከሻው ጥሎ ወደ አውቶቡስ ተራ ይሄዳል፤ ቀጥቃጩ ወደ ምናለሽ ተራ፥ ቸርቻሪው ወደየሱቁ ይሠማራል፤ ሌሊቱን ስትጋግር ያደረችው ሴትም እንጀራዋን ተሸክማ ወደ ደንበኞቿ ትወጣለች። ቤቶቹ አብዛኞቹ በእንጨትና በጭቃ የተሠሩ፥ ቆርቆሮ የለበሱ፥ አንድ ወይም ሁለት ክፍል ያላቸው የቀበሌ ቤቶች ናቸው፤ በመጸዳጃውም ብዙ ቤተ ሰብ በጋራ ይጠቀማል። እንግዳ ሰው ይህን አይቶ፥ እነዚህ ሰዎች ይህን ጠባብ ቤት ትተው ስለ ምን አይሄዱም? ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። መልሱ አጭር ነው። ከክፍሉ ይልቅ የሚወደደው ደጁ ነው፤ ደጁም መርካቶ ነው።

ነገሩ ከየት እንደ መጣ ለማወቅ ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ሰፈር የሚለው ቃል ራሱ ሠራዊት ያረፈበትን ስፍራ የሚያመለክት ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ. ም. ስትቆረቆር መኳንንቱ በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ በየተመሩት ቦታ ሰፈሩ፤ ጭፍራውና ሎሌውም በጌታው ግቢ ዙሪያ ጎጆውን ቀለሰ። ራስ ብሩ ሰፈርና ሀብተ ጊዮርጊስ ሰፈር የሚባሉት ስሞች ከዚያ ዘመን የቀሩ ናቸው፤ ሠራተኛ ሰፈርም የእጅ ባለሙያዎች የሰፈሩበት ነበር። እንግዲህ በዚያን ጊዜ ቤት ሥራን ይከተል ነበር እንጂ ሥራና ቤት ተለያይተው አይታወቁም ነበር። ገበያውም በአራዳ፥ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይቆም ነበር። ከ1928 እስከ 1933 ዓ. ም. ጣሊያኖች ከተማይቱን በያዙበት ዘመን ግን የአገሬውን ሕዝብ ገበያ ወደ ምዕራብ አዛወሩት፤ መርካቶ የሚለውም ስም ከእነርሱ ቋንቋ የቀረ ነው። ገበያው ሲሄድ ሕዝቡም ተከትሎት ሄደ፤ በአማኑኤልና በአካባቢው ያሉት መንደሮችም እየጠበቡና እየበዙ የሄዱት ገበያውን ተጠግተው ነው።

ከዚህም በኋላ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ. ም. አዋጅ ቁጥር 47/1967 ወጣና የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ አንድ ቤተ ሰብም ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ወሰነ። ኪራይም ስለ ተቀነሰ ብዙ ድኻ ዕፎይ አለ። ዳሩ ግን ነገሩ ሌላ ፍሬም አፈራ። በርካሽ ኪራይ የገባ ሰው ከስፍራው አልነቃነቅ አለ፤ ለማከራየት ብሎ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ታጣ፤ የነበረውንም ቤት የሚያድሰው ጠፋ። ሕዝቡ እየበዛ ሲሄድ ቤቱ እያረጀ ባለበት ቀረ። የአያትዋ ቤት የነበረው ክፍል ዛሬ ሦስት ትውልድ በአንድ ላይ የሚያድርበት የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ችግር ለማቃለል መንግሥት በ1996 ዓ. ም. ገደማ በቦሌ ገርጂ ለሙከራ ያስጀመረውን የጋራ መኖሪያ ቤት ሥራ አስፋፋ። በ1997 ዓ. ም. ለመመዝገብ የቀረበው ሕዝብ ከ450 ሺሕ በላይ ነበር፤ በ2005 ዓ. ም. በተደረገው ምዝገባም ቁጥሩ ከ800 ሺሕ በላይ ሆኗል። ዕቅዱም በሦስት ወገን የተከፈለ ነው፤ ከዋጋው ከመቶ 10፥ ከመቶ 20 ወይም ከመቶ 40 የሚሆነውን ገዢው ይቆጥባል፤ የቀረውን ባንክ አበድሮት በየወሩ ይከፍላል። የካቲት 27 ቀን 2011 ዓ. ም. ብቻ 51,229 ቤቶች በዕጣ ወጥተዋል። በ2014 ዓ. ም. መጨረሻ የወጣው የ25,791 ቤት ዕጣ ግን ጉድለት ተገኝቶበት ተሰርዞ በ2015 ዓ. ም. ዳግመኛ እንዲወጣ ተደርጓል። ስለ ዕጣው እውነተኛነት ብዙ ተነግሯል፤ መነገሩም ተገቢ ነው። ስለ ቦታው ግን የተነገረው ጥቂት ነው፤ እኛም ዛሬ የምንናገረው ስለዚሁ ነው።

ትልልቆቹ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የተሠሩት መሬት በሚገኝበት በከተማይቱ ዳርቻ ነው፤ ይኸውም በጀሞ፥ በየካ አባዶ፥ በቦሌ አራብሳ፥ በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ ነው። ከአማኑኤል እስከ ኮዬ ፈጬ በመንገድ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ቦታውን የሚወስነው ዕጣው ነው እንጂ ባለ ዕጣው አይደለም። ስለዚህ ዐሥራ አምስት ዓመት ቆጥቦ የጠበቀ ሰው ደስ የሚያሰኘውን ወሬ በሰማበት ቀን፥ በዚያው ሰዓት፥ ከባዱን ጥያቄ ይቀበላል። ቤቱን ልግባበትን ወይስ እንጀራዬን ልጠብቅ? የሚል ነው።

ሒሳቡን እንመልከት። አንድ የመርካቶ ሠራተኛ በኮዬ ፈጬ ቤት ወጣለት እንበል። ለመሄድ አንድ ሰዓት ተኩል፥ ለመመለስም አንድ ሰዓት ተኩል ቢፈጅበት በቀን ሦስት ሰዓት ነው። በዓመት 300 ቀን ቢሠራ በመንገድ ላይ የሚያሳልፈው 900 ሰዓት ይሆናል። የሥራ ቀን ስምንት ሰዓት ከሆነ ይህ ከ112 የሥራ ቀን በላይ ነው። ለአውቶቡስና ለታክሲ የሚከፈለው ብር በዚህ ላይ ይጨመራል። በቤቱ ዋጋ ላይ ያልተጻፈው፥ ባንክም የማይጠይቀው ዕዳ ይህ ነው። ስለዚህ ቤት ርካሽ ነው ወይም ውድ ነው የሚባለው በውሉ ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ታይቶ እንዳይሆን ያስፈልጋል።

ደግሞም ሥራ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። የመንግሥት ሠራተኛ የመግቢያና የመውጫ ሰዓቱ የታወቀ ነው፤ ለእርሱ የተመደበ አውቶቡስም አለው፤ ቢርቅም ደመወዙ አይቀነስበትም። ለተሸካሚና ለቀን ሠራተኛ ግን ማልዶ መድረስ ራሱ ሥራ ነው፤ ጭነቱ ከተራገፈ በኋላ የደረሰ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። ለቸርቻሪም ቢሆን ትልቁ ሀብቱ የሚያውቀው ሰው ነው፤ በዱቤ የሚሰጡት፥ ከዕቁብ የሚያስገቡት፥ ሱቁን ለአንድ ሰዓት የሚጠብቁለት ከጎኑ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የተባለውም ስለዚህ ነው። እንጀራ ጋግራ ለምትሸጥ ሴት ደግሞ ቤቷ መኖሪያ ብቻ ሳይሆን የሥራ ስፍራዋም ነው። በአራተኛው ፎቅ ላይ ጭስ የሚወጣበት ምጣድ ማኖር አይቻላትም፤ ብትጋግርም ደንበኞቿ ሃያ ኪሎ ሜትር ርቀው ቀርተዋል።

ለካህናትም ነገሩ ከዚህ የቀለለ አይደለም። ማኅሌት የሚቆመው በሌሊት ነው፤ ኪዳን የሚደርሰው ማለዳ ነው። በዚያ ሰዓት ከከተማ ዳርቻ ወደ ደብሩ የሚያደርስ መጓጓዣ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ቤት የደረሰው ደብተራ ወይም ከቤተ ሰቡ ተለይቶ በደብሩ አጠገብ ያድራል፥ ወይም ዕድሜውን የፈጀበትን አገልግሎት ይተዋል። ምእመናኑም ቢሆኑ ከንስሐ አባታቸውና ከእድራቸው ይለያያሉ። በአዲሶቹ ሰፈሮች አዲስ እድር ይቋቋማል፥ አዲስ ቤተ ክርስቲያንም ይተከላል፤ ነገር ግን እስኪለመድ ድረስ የሚያልፈው ጊዜ ረጅም ነው። በዚህ መካከል ቤቱ ሐዘን የሚገባበት ሰው ብቻውን እንዳይቀር ማሰብ ይገባል።

እንግዲህ ባለ ዕጣው የሚመርጣቸው መንገዶች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ወደ አዲሱ ቤት ገብቶ በየቀኑ መመላለስ ነው። ሁለተኛው አዲሱን ቤት አከራይቶ፥ በኪራዩ ዕዳውን እየከፈለ፥ ራሱ በመርካቶ አቅራቢያ ተከራይቶ መኖር ነው። ሦስተኛው ወደ አዲሱ ቤት ገብቶ በዚያው አካባቢ አዲስ እንጀራ መፈለግ ነው። የቀበሌ ቤት ይዞ የኖረ ሰው የጋራ መኖሪያ ቤት ሲደርሰው የቀድሞውን ማስረከብ የሚጠበቅበት ስለ ሆነ፥ ሁለቱንም ይዤ እኖራለሁ የሚለው ሐሳብ አያዛልቅም። ቤቱንም እስከ አምስት ዓመት ድረስ መሸጥ አይፈቀድምና ሸጬ ወደ ቅርብ ስፍራ እገዛለሁ ማለት ወዲያው የሚሆን አይደለም።

ሁለተኛውን መንገድ የሚመርጡ ብዙዎች ናቸው። አንዳንድ ሰዎች ይህን አይተው፥ ቤቱ ሳያስፈልጋቸው ወሰዱት ብለው ይነቅፏቸዋል። እኛ ግን ይህን ነቀፋ አንቀበለውም። አዲሱን ቤት አከራይቶ በመርካቶ ዳር በጠባብ ክፍል የሚኖር ሰው፥ ልጆቹን የሚያበላው እንጀራ እንዳይቋረጥበት ብሎ ምቾቱን የተወ ሰው ነው። ይሁን እንጂ በዚህ መንገድም አደጋ አለበት። የሚቀበለው ኪራይና የሚከፍለው ኪራይ እኩል ላይሆን ይችላል። በ2016 ዓ. ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፥ የኪራይ ጭማሪም ሥርዓት እንዲኖረው ማድረጉ ለተከራይ ጥቂት ዕረፍት ሰጥቷል፤ ነገር ግን ተከራይ ሆኖ ማርጀት የማንም ምኞት አይደለም።

በሌላ ወገን ደግሞ፥ እንግዲያስ ከአማኑኤል አትነቃነቁ፥ ባላችሁበት ኑሩ ብለን ብንመክር ሕዝቡን ማታለል ይሆንብናል። አሮጌው የቀበሌ ቤት ለሁልጊዜ የሚቆይ አይደለም። በልደታ የሆነውን፥ ከ2016 ዓ. ም. ጀምሮም በኮሪደር ልማት ምክንያት በፒያሳና በሌሎች ስፍራዎች የሆነውን ያየ ሰው፥ በመካከለኛው ከተማ ያለ አሮጌ መንደር ዛሬ ቆሞ ነገ ሊነሣ እንደሚችል ያውቃል። የተከራየ ሰው ቤቱ ሲነሣ የሚያወርሰው የለውም፤ የገዛ ሰው ግን ቢርቅም ንብረት አለው። ልጆችም ብርሃንና አየር ባለበት፥ ውኃና መጸዳጃ በቤቱ ውስጥ በሚገኝበት ስፍራ ማደጋቸው ከብር ጋር የሚተካከል ጥቅም ነው።

ከዚህም በላይ፥ ሥራ ራሱ በአንድ ስፍራ ተተክሎ አይኖርም። ገበያው ከአራዳ ወደ መርካቶ እንደ ሄደ ሁሉ ዛሬም የከተማይቱ ሥራ ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ እየተስፋፋ ነው። የቦሌ ለሚና የቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርኮች፥ የአቃቂ ቃሊቲ ፋብሪካዎች፥ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሚገኙት በዚያው አቅጣጫ ነው። ኮዬ ፈጬ ለመርካቶ ነጋዴ ሩቅ ነው፤ ለቂሊንጦ ሠራተኛ ግን ቅርብ ነው። እንግዲህ ርቀት የሚለካው ከምኒልክ አደባባይ ተነሥቶ ሳይሆን ከየሰው እንጀራ ተነሥቶ ነው።

ይሁን እንጂ በአንድ ፋብሪካ ብቻ ተማምኖ ቤት መግዛትም ብልህነት አይደለም። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ. ም. ሲከፈት ብዙ ወጣት ከየገጠሩ ወደዚያ ተሰብስቦ ነበር። ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ. ም. ጀምሮ ኢትዮጵያ በአሜሪካ ከቀረጥ ነጻ ገበያ ከሚጠቀሙት አገሮች ስትወጣ ግን ከባለ ፋብሪካዎቹ አንዳንዶቹ ሥራቸውን ዘግተው ሄዱ፤ ሠራተኛውም ያለ ሥራ ቀረ። ሥራው በአንድ ወር ይሄዳል፤ የቤቱ ዕዳ ግን ከባለ ዕዳው ጋር ይቀራል። ስለዚህ አንድ ሥራ ብቻ ካለበት ይልቅ ልዩ ልዩ ሥራ ወዳለበት የሚያደርስ መንገድ የቀረበው ስፍራ ይሻላል።

የሌሎች አገሮችም ነገር ይህንኑ ያስተምረናል። በሜክሲኮ የሠራተኞች ቤት ማበደሪያ ተቋም ለብዙ ሚሊዮን ሰው ብድር ሰጥቶ ነበር፤ ቤቶቹ ግን ብዙዎቹ መሬት ርካሽ በሆነበት ከከተማና ከሥራ ርቀው ተሠሩ። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2010 በተደረገው ቆጠራ በዚያ አገር አምስት ሚሊዮን ያህል ቤት ሰው ሳይኖርበት ተገኘ፤ ይህም ከቤቱ ሁሉ ከመቶ 14 ያህል ነው። ከምክንያቶቹም አንዱ ይኸው ርቀት ነበር። በሲንጋፖር ግን በ1960 የቤቶች ልማት ቦርድ ከተቋቋመ በኋላ አዲስ መንደር ሲሠራ ገበያው፥ ትምህርት ቤቱና የእጅ ሥራ ፋብሪካው አብሮ እንዲታሰብ ተደረገ፤ በኋላም ባቡር ተጨመረበት። በሁለቱም አገሮች ሲሚንቶና ብረት ነበረ፤ ልዩነቱ ቤቱን ከእንጀራው ጋር በማሰብና ባለማሰብ ነው።

በእኛም አገር ይህ ሳይታሰብ ቀርቷል አይባልም። በመስከረም 2008 ዓ. ም. ሥራ የጀመረው 34 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ቀላል ባቡር በአውቶቡስ ተራ፥ በሰባተኛና በአብነት በኩል አልፎ እስከ ቃሊቲ ይወርዳል። ለአማኑኤል ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ሐዲዱ ከቃሊቲ ወዲያ ወደ ትልልቆቹ አዲስ ሰፈሮች አልደረሰም፤ ከ41 ባቡሮችም ብዙዎቹ በቀጠሉት ዓመታት መለዋወጫ አጥተው ቆመው ነበር። ባቡር በመግዛት ብቻ እንደማያልቅ፥ የሚጠገንበትም ገንዘብ አብሮ መመደብ እንዳለበት ከዚህ እንማራለን።

አሁን ወደ ምክሩ እንመለስ። ቤት ለመግዛት የሚያስብ ሰው፥ ይልቁንም ወጣት የሆነ፥ አስቀድሞ እነዚህን ጥያቄዎች ለራሱ ያቅርብ። በቤቴ ውስጥ እንጀራ የሚያመጡ ስንት ሰዎች ናቸው? ሥራቸውስ የት ነው? ባል በቃሊቲ፥ ሚስት በመርካቶ የሚሠሩ ከሆነ የአንዱ ቅርብ ለሌላው ሩቅ ነውና ሁለቱንም ማሰብ ያስፈልጋል። ሥራዬ ሰዓት የሚጠብቀኝ ነው ወይስ እኔ ማልጄ የምጠብቀው? ይህን ሥራ ባጣው ከዚህ ቤት ሆኜ ሌላ ለማግኘት እችላለሁን? ከዚህም በኋላ ወደ ስፍራው በበዓል ቀን ሳይሆን በሥራ ቀን፥ በማለዳው ሰዓት ሄዶ መንገዱን በራሱ ይለካው። ስለ ሊሠራ ታስቧል በሚባል መንገድ ወይም ፋብሪካ ሳይሆን ተሠርቶ በሚታየው ይመን። ስፍራው በየትኛው አስተዳደር ሥር እንዳለም ይጠይቅ፤ በነሐሴ 2014 ዓ. ም. አዲስ አበባና ኦሮሚያ ስለ ወሰን ከተስማሙ ወዲህ መታወቂያና ትምህርት ቤት የሚጠየቅበትን መሥሪያ ቤት አውቆ መግባት ያስፈልጋል። የወር ክፍያውን፥ የመንገዱን ብርና የሚጠፋውን ሰዓት በአንድ ወረቀት ላይ ጽፎ ከደመወዙ ጋር ያስተያይ። ይህን ሁሉ አድርጎ ቢርቅም የሚያዋጣው ከሆነ በደስታ ይግባ፤ የማያዋጣው ከሆነ ግን ቤቱን አከራይቶ ጊዜ መጠበቁ አያሳፍረውም።

ለሹማምንቱም የምናሳስበው ነገር አለን። አንደኛ፥ ቁልፍ ከመታደሉ በፊት አውቶቡሱ የሚሄድበት መስመር ተወስኖ ይታወቅ፤ የመጀመሪያው አውቶቡስም ለቀን ሠራተኛው በሚስማማው ሰዓት ይነሣ። ሁለተኛ፥ በአንድ ወገን ዕጣ የደረሳቸውና ሥራቸው በሌላ ወገን የሆነ ሰዎች በፈቃዳቸው፥ በመዝገብ፥ ያለ ደላላ ቤት የሚለዋወጡበት ሥርዓት ቢሰናዳ መንግሥትን ብዙ ሳያስወጣ ብዙ ቤተ ሰብን ያሳርፋል። ሦስተኛ፥ በአዲሶቹ ሰፈሮች በምድር ቤቱ ያለው ሱቅ ገንዘብ ላለው ብቻ ሳይሆን በዚያው ለሚኖረው ጋጋሪና ጥቃቅን ነጋዴ በሚችለው ኪራይ ይሰጥ፤ ለመጋገሪያም የጋራ ማዕድ ቤት ይኑር። አራተኛ፥ የአማኑኤልና የመርካቶ አሮጌ መንደር በሚታደስበት ጊዜ፥ እንጀራው በገበያው የሆነ ነዋሪ በዚያው በአቅራቢያው በሚሠራው ፎቅ ላይ ቦታ ይጠበቅለት። ገበያውን ገበያ ያደረጉት እነዚያ ማልደው የሚደርሱት እጆች ናቸውና እነርሱን አርቆ ገበያውን ማልማት አይቻልም።

ቤት ማለት ሰው ማታ የሚገባበት ነው፤ እንጀራ ማለት ጠዋት የሚወጣበት ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ ያላየ ገዢ ዕዳውን ሳያውቅ ይፈርማል፤ ያላየ ሹምም ቁልፍ ሰጥቶ እንጀራ ይነሣል። ቤት ያገኙት በእንጀራቸው፥ እንጀራ ያላቸውም በቤታቸው እንዳይቸገሩ ሁሉም በየድርሻው እንዲያስብበት እናሳስባለን።